በወንጪ ውሃ ላይ ብቻዬን

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ወሬው ረጅም ነው፣ ዝናቡም ገና አላባራም፣ የሚያስቸኩለን የለም።

ባኮን የማታውቁ ካላችሁ አስቀድሜ ቦታዋን ላሳያችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ፣ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። በነሐሴ ብትመጡ ግራና ቀኙ በቆሎ ነው፤ ሰው በማሳው መካከል ሲሄድ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ይሰማል። የእርሻ ምርምር ማዕከሏ ያወጣው «ቢ ኤች 660» የሚባለው የበቆሎ ዘር ከዚህ ተነሥቶ የስንቱን ገበሬ ጎተራ እንደሞላ የሚያውቅ ያውቃል። ከከተማችን አለፍ ብሎ ደግሞ ግቤ አለ። በክረምት ደፍርሶ፣ ግንድ እያገላበጠ፣ ድልድዩን እየተሳደበ ያልፋል። ልጆች ሳለን ወላጆቻችን ወደ ግቤ እንዳንወርድ ይገርፉን ነበር፣ እኛም ተገርፈን እንወርድ ነበር፤ እናም ውሃ መውደድ ከዚያ ጀምሮ በውስጤ ቀረ።

አንድ የእህት ልጅ አለኝ፣ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ በሚባለው ግዛት የሚኖር። ያ አገር ሐይቅ ብቻ ነው ይለኛል። በሰሜን ጫፉ፣ ከካናዳ ድንበር ላይ «ባውንደሪ ዋተርስ» የሚሉት ዱር አለ፤ ከሺህ የሚበልጡ ሐይቆች በደን መካከል ተበትነውበታል፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣ ሕግ ተከልሎም ቤት አይሠራበትም፣ በአብዛኛው ውሃ ላይ ሞተር አይነሣም፣ የሚገባውም ሰው ፈቃድ ቆርጦ፣ በቁጥር ነው። ልጁ በእነሱ በጋ፣ ማለት በእኛ ክረምት፣ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ ብቻውን ታንኳ ይዞ ይገባል። አንዱን ሐይቅ ቀዝፎ ሲጨርስ ታንኳውን በትከሻው ተሸክሞ በጫካው መካከል ወደሚቀጥለው ይሻገራል፣ ሲመሽ ድንኳኑን ይተክላል፣ ስንቁን ድብ እንዳይወስድበት ዛፍ ላይ ይሰቅላል፣ ከዚያም ይተኛል። አንድ ጊዜ ደውሎ «ጋሼ፣ ስንት ቀን ሙሉ የሰው ድምፅ ሳልሰማ ከረምኩ» አለኝ። እኔ የደረሰበትን መከራ የነገረኝ መስሎኝ «አይዞህ ልጄ» ብዬ ላጽናናው ስጀምር ሳቀ። ደስታውን ነበር የሚነግረኝ።

ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። እናም ልጁ ለእረፍት አገሩ በመጣ ጊዜ እየተጣጠፈ በሻንጣ የሚያዝ፣ በእግር ፓምፕ የሚነፋ ታንኳ ከነመቅዘፊያው ይዞልኝ መጣ። ሲመለስም ታንኳው እኔ ዘንድ ቀረ። ሻንጣውን ባየሁት ቁጥር ይህን ብቸኝነት የሚሉትን ነገር እኔም በአገሬ ውሃ ላይ ላየው ይገባል እል ነበር። ግቤ በክረምት ቀልድ የለውም። ስለዚህ ልቤ ወደ ወንጪ ሐይቅ ሄደ።

ወቅቱ የፍልሰታ ጾም ነበር፣ ነሐሴ ውስጥ። ስንቄን የባለቤቴ እጅ አሰናዳው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ትንሽ ሽሮ፣ ቡና ከነጀበናው። ጀበናውን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ተንበርክካ ከልብሶቼ መካከል እንዳይሰበር ስታስቀምጠው አየኋት፤ አንድ ቃል አልተናገረችም፣ ብቻዬን ማደሬን ግን እንዳልወደደችው ከአጠቀላለሏ አወቅኩ። እኔም ምንም ሳልል ሻንጣውን ዘጋሁና ገና ሳይነጋ ወደ መናኸሪያ ወረድኩ።

ሚኒባሱ ተነሣና ጢቤን አለፍን፣ ከዚያም ኢጃጂን፣ ከዚያም መንገዱ ሽቅብ እያለ ሄደ። ሙቀቱን ከኋላችን ጥለን ጌዶ ስንደርስ ደመናው ከመንገዱ ላይ ተኝቶ አገኘነው። ጌዶ ብርዷ የታወቀ ነው። ሻይ ቤት ገብተን ብርጭቆውን በሁለት እጃችን ይዘን ዝም ብለን ተቀመጥን፣ ሾፌሩም አላጣደፈንም። ከዚያ ደግሞ ቁልቁል ወርደን ጉደር ደረስን፣ ወንዙም ቀይ ሆኖ፣ ሞልቶ፣ በድልድዩ ሥር እያገሳ ሲሄድ አየነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ላቁማችሁ፣ ጉደር ያለ ወሬ አይታለፍምና። ከደንዲ ተራራ የሚወርደው ሁሉቃ አምቦን አቋርጦ ጉደር ይገባል፣ ጉደርም ወደ ሰሜን ወርዶ አባይ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1965 አርነ ሩቢን የሚባል ስዊድናዊ በጎጃም መንገድ ካለው የአባይ ድልድይ፣ ከሻፋርታክ ተነሥቶ፣ ብቻውን በአንዲት ታንኳ ያንን ሁሉ ገደል ተከትሎ ወደ ሱዳን ወርዷል። የጉደርን አፍ አልፏል ማለት ነው፤ የእኛም ውሃ ገፍቶታል። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ፣ በንጉሠ ነገሥቱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥያቄ፣ ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመሩት የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ወታደሮችና ሳይንቲስቶች ጓድ፣ ስልሳ ያህል ሰው ሆኖ አባይን ወረደ፤ ከእነሱም አንዱን ወታደር ውሃ በላው። ስልሳ ሆነው ሄደው ሰው ጎደለባቸው፣ ያ ብቻውን የሄደው ግን በሰላም ወጣ። ሰዎች ይህን ሲያወሩ ጀግንነቱን ነው የሚያነሡት፣ ጀግናም ነው፣ አልክድም። እኔ ግን ጉደር ድልድይ ላይ ሆኜ ያሰብኩት ሌላ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ሲወርድ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ በግ የሚጠብቅ አንድ ልጅ አላየውም ትላላችሁ? አይቶትስ ማታ ለእናቱ ሳይነግር ቀረ ትላላችሁ? እናቱስ «ኧረ ይህን ሰው እግዜር ያውጣው» ሳትል ተኛች? ብቻውን ነበር የሚለው ወረቀት ላይ የተጻፈው ነው።

አምቦ አደርኩ። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ሰማሁ፣ ጠዋት ግን ሰማዩ ተከፍቶ ነበር። አምቦን በውሃዋ ታውቋታላችሁ፣ ስለዚህ አልቆይባትም። ከአምቦ ወደ ደቡብ፣ ወደ ወሊሶ የሚሻገረውን መንገድ ይዘን ወጣን፣ ወጣን፣ ወጣን። ገብስ በግራ፣ እንሰት በየጓሮው፣ ፈረስ በየመስኩ። ሰዉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ድረስ ተከናንቧል። የወንጪ ተራራ አናቱ 3,386 ሜትር ነው ይላሉ፣ እኔም ትንፋሼ ሲያጥር አምኛቸዋለሁ። ከዚያም መኪናው ከአፋፉ ላይ ቆመ፣ ጉሙም በዚያው ቅጽበት ተገለጠ፣ ወንጪም ከታች ታየ። በገደል የተከበበ ውሃ ነው፣ ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተወው ጉድጓድ። ደሴቶች አሉበት፣ ከደሴቶቹም በአንዱ ላይ የወንጪ ቂርቆስ ገዳም አለ። በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በዓለም ምርጥ ከተባሉት የቱሪዝም መንደሮች መካከል ሲቆጥረው ብዙ ተወራለት፣ ከዚያም በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት መንገድና ማረፊያ ተሠራለት። እኔ የወረድኩት ግን በአሮጌው የፈረስ መንገድ፣ ጭቃውን እየረገጥኩ፣ ሻንጣዬ በፈረስ ላይ፣ ባለፈረሱ ወጣትም እያፏጨ ከፊቴ።

ሐይቁ ዳር ስደርስ ከጀልባው ማኅበር ልጆች ጋር ተነጋግሬ ክፍያዬን ከፈልኩ፣ ከዚያም ታንኳዬን ዘርግቼ በእግሬ መንፋት ጀመርኩ። እያበጠ ሲሄድ ሕፃናቱ ከበቡኝ፣ ከሕፃናቱ ኋላ ደግሞ አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው መጡ። የተነጋገርነው በኦሮምኛ ነው፣ እኔ በአማርኛ እነግራችኋለሁ።

«አካም ቡልተኒ፣ አባባ፣ እንደምን አደሩ» አልኳቸው።

ሰላምታውን በሙሉ መለሱልኝ፤ ስለ ቤቴ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ፣ እኔም በተራዬ ጠየቅኳቸው። ከዚያም ታንኳዋን ተመልክተው፣ መቀመጫዋን ቆጠሩና «ሌላው ሰው የታለ?» አሉ።

«ብቻዬን ነኝ።»

«ስለት ነው? ወደ ቂርቆስ?»

«አይደለም አባባ። እንዲሁ ነው። ቀዝፌ፣ ከማዶው ዳር ድንኳን ተክዬ ላድር ነው።»

ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰው ሞቶብህ ነው?» አሉኝ።

እንዳልሞተብኝ፣ ከሰውም እንዳልተጣላሁ፣ ዕዳም እንደሌለብኝ አስረዳሁ። የእህቴን ልጅ ነገር፣ ሰው አልባ የተባለውን የአሜሪካን ሐይቅ ሁሉ ነገርኳቸው። በትዕግሥት አደመጡኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፣ ከባኮ፣ ከግቤ ዳር አልኳቸው። ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ አለ። ከወንጪ የሚወጣው ውሃ ዋልጋ ነው፣ ዋልጋም ታች ወርዶ ከግቤ ጋር አንድ ሆኖ ወደ ኦሞ ይሄዳል። እሳቸው ካርታ አላዩም፣ ይህን ግን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። «እንግዲያ ውሃችን አንድ ነው፣ የእኛው እንግዳ ነህ» አሉ። ከዚያም የልጅ ልጃቸው አብሮኝ እንዲሳፈር አዘዙ። ብቻዬን መሆን እንደምሻ ለመንኳቸው። ብዙ ተከራከርን፣ በመጨረሻም በዱላቸው ሽቅብ አንድ ሣር ቤት አሳዩኝ። «ያ የእኔ ቤት ነው። ማታ መብራትህን ወደዚያ አዙረህ ስቀል። መብራትህን ካየሁ ዝም እልሃለሁ።» በዚህ ተስማማንና ታንኳዋን ወደ ውሃው ገፉልኝ። እጃቸው ታንኳዋ ላይ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ለቀቋት።

አሁን ስለ ውሃው ልንገራችሁ። አዞ የለበት፣ ጉማሬ የለበት፣ ጥርት ያለ፣ ሲነኩት አጥንት የሚሰብር ብርድ። መቅዘፊያውን አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እያጠለቅኩ ስሄድ ከመቅዘፊያው ጫፍ የሚወርደው ጠብታ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር። ከዳሩ ራቅ ስል ዝም አለ። እውነት እላችኋለሁ፣ እንዲያ ያለ ዝምታ ከዚያ በፊት አላውቅም። መቅዘፌን ተውኩ። ታንኳዋ ወደፈለገችበት ቀስ ብላ ዞረች፣ እኔም አብሬያት ዞርኩ፣ ገደሉ ሁሉ፣ አስታው፣ ጥዱ፣ የገብሱ ማሳ ተራ በተራ በፊቴ አለፈ። የእህቴ ልጅ የነገረኝ ደስታ ይህ ከሆነ እውነቱን ነው፣ ልብ ያሳርፋል። ስለ ልጆቼ ሳላስብ፣ ስለ ሥራ ሳላስብ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነም ሳላውቅ ቆየሁ።

ከዚያ አንድ ነገር ጷ! አለ።

ጥይት መስሎኝ ደነገጥኩ። ገደሉ ተቀብሎ መለሰው፣ ማዶው ደግሞ ተቀበለው፣ ወዲያው ሌላ ጷ! ከላይ መጣ፣ ከዚያም ከዚህም ከዚያም። ጅራፍ ነበር! ቡሄ ደርሶ ኖሮ የየመንደሩ እረኞች ጅራፋቸውን ያጮኻሉ፤ አንዱ ከአፋፉ፣ አንዱ ከውሃው ዳር፣ አንዱ ከደሴቱ በኩል፣ አንዱ ለሌላው እየመለሰ። እናንተም ልጆች ሳላችሁ ጅራፍ አጩኻችኋል፣ በሜዳ ላይ ግን ነው። በወንጪ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ጅራፍ ብዙ ጅራፍ ይሆናል። እኔም በታንኳዬ ላይ ተቀምጬ ልቤ እስኪሞላ አደመጥኩ፣ እረኞቹም እንዳዩኝ ገባኝ፣ አንዱ ጮክ ብሎ «ታንኳ!» ሲል ሰምቼዋለሁና።

ከማዶው ዳር ደረቅ ያለ ቦታ አገኘሁ። ካስማዎቹን በድንጋይ ቀጥቅጬ ድንኳኔን ተከልኩ፣ ታንኳዬን ጎትቼ አወጣሁ፣ በእርጥቡ እንጨት ብዙ ታግዬ እሳት አያያዝኩ፣ ቡናዬንም አፈላሁ። የባለቤቴ ጀበና አልተሰበረም። መብራቴን ወደተባልኩት ቤት አዙሬ ዘንግ ላይ ሰቀልኩት። በማዶ በኩል አንድ ጭላንጭል ታየ፣ ጥቂት ቆየና ተሰወረ። አውቄዋለሁ፤ አባባ በራቸውን ከፍተው አይተው ዘግተዋል። ያን ሌሊት በሰላም ተኛሁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው ነገሩ የተለወጠው። ረፋዱን በደሴቶቹ ዙሪያ ስቀዝፍ ውዬ፣ ከገዳሙ በኩል የቅዳሴ ዜማ በውሃው ላይ ሲመጣ ቆሜ ሰምቼ፣ ወደ ድንኳኔ ስመለስ ምዕራቡ ጠቆረ። ዝናቡ ከአፋፉ ላይ እየተንከባለለ ሲወርድ በዓይኔ አየሁት። ከዝናቡ በፊት ነፋሱ ደረሰ። የወንጪ ነፋስ መውጫ የለውም፣ ድስት እንደሚያማስል ሰው ውሃውን ያዞረዋል እንጂ። በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ መቅዘፊያዬን አጥብቄ ይዤ፣ ወደ ዳር ለመጠጋት ታገልኩ፤ አንድ ክንድ ስሄድ ሁለት ክንድ ይመልሰኛል። በመጨረሻ ከድንኳኔ ርቆ፣ ከአንድ ቋጥኝ ሥር ወዳለ ጠባብ ዳር ጣለኝ። ዝናቡ ወረደ፣ በረዶም ተቀላቀለበት። ታንኳዬን ገልብጬ ሥሯ ገባሁና ጉልበቴን አቅፌ ተቀመጥኩ። መሸ። መብራቴ ከድንኳኔ ጋር ቀርቷል።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ዝናቡ ወደ ካፊያ ሲለወጥ ከሩቅ፣ ከማዶ፣ አንድ የሽማግሌ ድምፅ ሰማሁ። ቃሉ አይለይም፣ ጥሪ መሆኑ ግን ይለያል፣ መጨረሻው ላይ ይሳባል። እኔም ጮህኩ፣ ነፋሱ ወሰደብኝ። ድምፁ ደግሞ ጠራ። ከዚያም፣ ወገኖቼ፣ ይህን ልብ ብላችሁ ስሙ፣ ከዚያም ከአባባ ቤት በላይ ካለው መንደር ሌላ ሰው ያንኑ ጥሪ ተቀበለው፣ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት፣ ከአንዱ ጎጥ ወደ ሌላው፣ በሐይቁ ዙሪያ በገደሉ ወገብ ላይ ጥሪው እየዞረ መጣ። በየበሩ ትንሽ ትንሽ እሳት ይታያል፣ ከእሳቱ ይወጣል ድምፁ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው። እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ። በመጨረሻ ልክ ከራሴ በላይ፣ ከቋጥኙ አናት፣ የሴት ድምፅ ጮኸ፣ ቃሉም ተለየልኝ፤ «የታንኳው ሰው! አለህ ወይ?»

ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነበር። ሁለተኛ ጠራች፣ ሦስተኛ ጠራች። «አለሁ!» አልኩ። «አለሁ! ደህና ነኝ!»

«አለ!» ብላ ጮኸች ወደመጣችበት። «አለ!» አለ ቀጣዩ። ቃሉ በመጣበት መንገድ እየዞረ ተመለሰ፤ አለ፣ አለ፣ አለ፣ እየራቀ፣ እየቀጠነ፣ እስከ አባባ ቤት ድረስ። እኔም ከታንኳዬ ሥር ወጥቼ ቆሜ ሰማሁት። የእህቴ ልጅ አገር ሕጉ ሰውን ከሐይቁ አርቆ ብቸኝነትን ይጠብቃል፣ መልካም ሕግ ነው፣ ደኑንና ውሃውን አትርፎላቸዋል። በወንጪ ግን ውሃው ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም ሰው ነው፣ ሰውም እንግዳው በሕይወት መኖሩን ሳያውቅ አይተኛም።

ጥቂት ቆይቶ ሁለት ጎረምሶች በገደሉ ቀጭን መንገድ ወርደው፣ አንዱ ክንዴን ይዞ፣ ሌላው ታንኳዬን በራሱ ተሸክሞ፣ ወደ ሴቲቱ ቤት አወጡኝ። እሳት ነበር። እሳቱ ዳር አንድ ሕፃን እንቅልፍ እንቢ ብሎት በእናቱ ጭን ላይ ያለቅሳል። የሰው ሁሉ ጋቢ እኔ ላይ ተደረበ። ሴቲቱም ልብሴ እስኪደርቅ ድረስ ዝም ብላኝ፣ ከዚያ ወቀሰችኝ።

«ጋሼ፣ ሰው ሲጠራ ቶሎ ይመልሳል እንጂ! ሦስቴ ስጮህ ልጄን ቀሰቀስኩት፣ ይኸው አልተኛ አለ።»

እውነቷን ነው፣ ምን እመልሳለሁ? «እንግዲያ እኔ ልያዘው፣ አንቺ ቡናሽን አፍዪ» አልኳት። ሕፃኑን ተቀብዬ በጋቢው ጠቀለልኩት፣ የማውቃቸውን ስሞች ሁሉ እየጠራሁ አወዛወዝኩት። ከደጅ ሰው እየመጣ ነበር፤ ጥሪውን ያቀበሉት ጎረቤቶች ሁሉ አንድ በአንድ እያጎነበሱ ገቡ፣ የታንኳውን ሰው በዓይናቸው ሊያዩ። እያንዳንዱም ቁጭ ሲል «ከጥዱ አጠገብ የጠራሁት እኔ ነኝ» ይላል፣ ሌላውም «ከወፍጮው በላይ ያለው ድምፅ የእኔ ነበር»፣ ሌላውም «የእኔን ሳትሰማው አትቀርም፣ ወፍራም ነው» ይላል። እኔም ለእያንዳንዱ እየተነሣሁ፣ ሕፃኑን እንደታቀፍኩ፣ እጅ ነሣሁ። በመጨረሻ አባባ፣ የልጅ ልጃቸው እየደገፋቸው፣ ያን ሁሉ ዳገት በዚያ ጭቃ ዞረው ደረሱ፤ ሰው ሁሉ ተነሣላቸው፣ ከእሳቱ ዳር ቦታ ተለቀቀላቸው፣ ሴቲቱም የመጀመሪያውን ስኒ ለእሳቸው ቀዳች።